ከዓሣዋ ሥር አርባ ዓመት፦ የወይዘሮ ይመኙሻል ታረቀኝ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ይመኙሻል ታረቀኝ ከአባታቸው ከአቶ ታረቀኝ ካሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ውበቱ፣ በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በጭልጋ አውራጃ፣ በአይከል ከተማ በ1953 ዓ.ም. በወርኃ ሰኔ ተወለዱ። በዚያ ቀን የወረደው ዝናብ የጎረቤት አህያ ከነጭነቷ ወስዶ፣ ከሦስት ቀን በኋላ መተማ ላይ በሕይወት አወጣት ይባላል፤ ጭነቱም ጤፍ ነበርና ጀርባዋ ላይ በቅሎ ተገኘ ይባላል። አህያዋን አየሁ የሚል ሰው ባይገኝም፣ ዝናቡን የካደ የለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አይከል ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ጥልፍ ያምር ስለነበር፣ ልጁ ወታደር የሄደበት ቤት ሁሉ ደብዳቤ የሚያስጽፈው በእሳቸው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ካሳሁን ግን ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ፣ አራተኛን አንድ ጊዜ ጎብኝቶ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። በዚያ ቤት ብዕር ለእሳቸው፣ ምላስ ለእሱ ደረሰ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁም ጦርነቱም ተያይዘው ሲመጡ፣ ከሰፈራቸው ሰዎች ጋር በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍም በጭነት መኪና ላይ በማሽላ ጆንያ መሐል ተቀምጠው ካርቱም ገቡ። ማረፊያቸው ዴም የተባለው ሰፈር ሆነ። አንዲት የአገር ልጅ፣ ከሳጃና ሰፈር በኩል ሲገባ ሁለተኛው ቅያስ ላይ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሠራተኛ የሚፈልግ ምግብ ቤት አለ አለቻቸው። ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ምግብ ቤት አራት ጊዜ ባለቤትና ስም ቀየረ፤ እሳቸው ግን ጦርነት እስኪያስነሣቸው ድረስ ከዚያ ጥግ አልተነሡም።

የመጀመሪያው ባለቤት አቶ ንጋቱ አሰብ ላይ የመርከብ ወጥ ቤት ሆነው ሃያ ዓመት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከባሕሩ ከራቁ በኋላ ናፍቆቱ አላስቀምጥ ሲላቸው ቤታቸውን «ቀይ ባሕር ምግብ ቤት» አሉት። ቀለም ቀቢው ከአባይ ዓሣ በቀር አይቶ የማያውቅ የዴም ሰው ነበር። የባሕር ዓሣ ሣል ቢሉት የባሕር ከሆነማ ትልቅ መሆን አለባት ብሎ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ሣላት፤ ለጭራዋ ቦታ ቢያጥረው ከቆርቆሮው አልፎ ግድግዳው ላይ ጨረሳት። ዓይኗ ባዶ ሆኖ ስለታየው ደግሞ እንደ ሙሽራ ኳላት፤ ረጃጅም ሽፋሽፍትም ጨመረላት። ውስጥ የሚበላው ግን የአባይ ዓሣ ነበር። አቶ ንጋቱ በጨው አሽተው የቀይ ባሕር ነው ይላሉ፤ ደንበኛው አለመሆኑን ያውቃል፣ እሳቸውም ማወቁን ያውቃሉ፣ ሁሉም ጣቱን እየላሰ ይሄዳል። ወይዘሮ ይመኙሻል ሳህን አጣቢ ሆነው ገብተው ስድስት ወር ሳይሞላ ድስቱ ሁሉ የእሳቸው ሆነ።

በ1978 ዓ.ም. ከአቶ ጥዑመልሳን በየነ ጋር እዚሁ ካርቱም በቤተ ክርስቲያናችን ተጋቡ። አቶ ጥዑመልሳን የደባርቅ ሰው፣ ሙያቸው ብየዳ፣ አንደበታቸውም እንደ ስማቸው ነበር። መጀመሪያ ለምሳ መጡ፤ ቀጥለው ለምሳና ለራት መጡ፤ ኋላማ በምሳና በራት መሐልም ከኒሙ ሥር መነሣት አቃታቸው። ወይዘሮ ይመኙሻል ሽሯቸውን ከማውረዳቸው በፊት ነጭ አዝሙድ በመዳፋቸው አሽተው ጣል ያደርጉ ነበር። አቶ ጥዑመልሳን ዓይኔን ታስሬ ከመቶ ሽሮ የእሷን እለያለሁ ብለው ፎከሩ። አቶ ንጋቱም አንድ ቀን እውነትም ዓይናቸውን በጨርቅ አስረው ሰባት ሳህን ከየጎረቤቱ ሰብስበው ደረደሩላቸው። ስድስቱን ቀምሰው ገፉ፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጨርቁን ፈቱ። የሠርጉ ቀን የተቆረጠው እዚያው ማዕድ ላይ ነው።

ሦስት ዓመት በፍቅር ኖሩ። በጥር 1981 ዓ.ም. የብየዳው ሥራ ሲቀዘቅዝ አቶ ጥዑመልሳን በፖርት ሱዳን በኩል ባሕሩን ተሻግረው ጅዳ ሠርተው ለመመለስ ተነሡ። ከዛፉ ሥር ሻንጣቸውን ይዘው ቆመው የተናገሩትን ወይዘሮ ይመኙሻል ቃል በቃል ይዘውት ኖረዋል።

«ይመኙ፣ የካርቱም መንገድ ቁጥር የለው፣ ቤቱ ሁሉ አንድ መልክ ነው። እኔ ተመልሼ የማውቀው ይህችን ዓሣ ብቻ ነው። ከሥሯ እንዳትጠፊ።»

«አንተ እንዳትጠፋ እንጂ እኔና ዓሣዋ የት እንሄዳለን» አሉ እሳቸው።

ከባሕሩ ዳር ዛጎል ሊያመጡላቸውም ቃል ገቡ። በጆሮ ሲያስጠጉት ባሕሩ ይሰማል አሏቸው። ሦስት ደብዳቤ መጣ። የመጨረሻው፣ በ1983 ዓ.ም. ከጅዳ የተጻፈው፣ ዓሣዋ አለች ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሳቸውም አለች፣ እኔም አለሁ ብለው በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው መለሱ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም።

ያኔ አንድ ደንብ አወጡ። አዲስ ፊት ከደጅ ሲቆም መጀመሪያ ይብላ፣ ኋላ ይጠየቅ። የእሳቸውንም ሰው በሰው አገር አንዱ ደጅ ላይ እንዲሁ የሚያስቀምጠው ይኖራል ብለው ነው። የትኛውም ባለቤት ቢመጣ ይህ ደንብ ከድስቱ ጋር ተያይዞ አብሮ ይተላለፍ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. አገር ቤት ሰላም ወርዷል ሲባል አቶ ንጋቱ ምግብ ቤቱን ለወይዘሮ ፍቅርተማርያም አስተላልፈው ተመለሱ። ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ጸሎተኛ፣ ጾመኛ፣ ከሳምንቱ ሰባት ቀን ዘጠኙን የሚጾሙ ሴት ነበሩ። ቤቱን «ደብረ ታቦር» ብለው ሰየሙት፤ ዓሣዋ ግን ትውረድ አሉ፤ በጾም ቀን የዓሣ ሥዕል ምእመን ያስታል በማለት። ወይዘሮ ይመኙሻል ስሙን እንደ ወደዱ ይቀይሩ፣ ዓሣዋን የሚያወርዱ ከሆነ ግን እኔንም አብረው ያውርዱኝ አሉ። ዓሣ ጾም ያስፈታል አያስፈታም በሚል ዴም ውስጥ ለሁለት ሳምንት ክርክር ሆነ። ዲያቆን ተጠየቀ፣ ቄስ ተጠየቀ። መጨረሻ ላይ የተሣለ ዓሣ የማንንም ጾም እንደማያስፈታ ሁሉም ስለተስማማ ዓሣዋ ከቦታዋ ቀረች።

ካሳሁን እህቱን ተከትሎ የመጣው ከዚያ በፊት በ1982 ዓ.ም. ነው። የእህቱን ባል በዓይኑ አላያቸውም፤ የሚያውቀው ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ፣ ጎፈሬና ጢም የሞላውን ሰው ነው። አስተናጋጅ ሆኖ ሲሠራ ወሬው ከወጡ እኩል ገበያ ይስብ ነበር። ከአትባራ እስከ ካርቱም አዞ ላይ ተቀምጦ እንደመጣ፣ አዞውም ቱቲ ደሴት ላይ ሲደርስ ደክሞኛል ብሎ እንዳወረደው ሲናገር፣ ሰዉ ሁለተኛ ሳህን ያዝዝ ነበር። እህቱ እየሳቁ ይገሥጹታል፤ አንድ ቀን ይህ ምላስህ ዋጋ ያስከፍልሃል ይሉታል። ዋጋውን የከፈሉት ግን እሳቸው ሆኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1985 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በዴም «ከሻ» በርትቶ ነበር። ከሻ ማለት ፖሊስ ድንገት ሰፈር ገብቶ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ሰብስቦ የሚወስድበት ነው። በዚያ ሳምንት ከቅያሱ ሁለት ሴቶች ተወስደዋል፤ የጠቆመባቸውም አማርኛ የሚናገር፣ ጥሩ የለበሰ ሰው ነው ተባለ። ስለዚህ ዴም በሙሉ አፉን ዘጋ። ስለ አገሩ ሰው የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣ፣ የለም፣ ሞቷል፣ ሄዷል ማለት ሰውን ማዳን ነበር። የወይዘሮ ይመኙሻልም ኢቃማ ጊዜው አልፎበት ነበር።

ሰኔ 12 ቀን የሚካኤል ዕለት እሳቸው የጾሙን ሽሮ በጠዋት ሠርተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ዓሣዋን ቀና ብሎ ብዙ ጊዜ አያት። ራሰ በራ፣ ጢሙ የተላጨ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ የቆዳ ቦርሳ የያዘ ሰው ነው። ገባና ይመኙሻል የምትባል ሴት እዚህ ትሠራለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ካሳሁን ደንቡን አክብሮ መጀመሪያ አስቀመጠው፤ ሽሮ አቀረበለት። ቀጥሎ ምላሱን ፈታ። እሷማ ድሮ ሄዳለች አለ፤ አንድ የጁባ የእንጨት ነጋዴ አግብታ፣ ሁለት ጊዜ መንታ ወልዳ፣ አራት ዝሆን ከደጇ አስራ ትኖራለች፤ ዝሆኖቹም በየጠዋቱ በኩምቢያቸው ደጇን ይጠርጉላታል አለው። ሰውየው እየሰማ ሳህኑን ጠርጎ በላ። ወጡን ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ። ካሳሁን ከደብረ ታቦር የመጣ አንድ ሽማግሌ ነው አለ። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን አበሰ፣ በርበሬው ነው አለ። ከቦርሳው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ከጁባ ለጥየቃ ከመጣች ስጥልኝ» ብሎ ወጣ።

ካሳሁን መሐረቡን ሲፈታ ዛጎል ሆኖ አገኘው።

ሮጠ። በሳጃና ሮጠ፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ሮጠ፣ አውቶቡስ ተራ ደርሶ በየመስኮቱ ራሰ በራ ፈለገ። የዚያን ቀን ያህል ራሰ በራ በካርቱም ታይቶ አያውቅም፤ አንዱም ግን አቶ ጥዑመልሳን አልነበሩም። ሲመለስ እህቱ ከቤተ ክርስቲያን ገብተዋል። ያመጡለትን ቁራሽ ዳቦ በረከት ነው ብለው አጎረሱት። አፉ ሞላ። እስኪውጠው ድረስ ሌላ ሰው ገባ፣ ሌላ ሥራ መጣ። ነገ እነግራታለሁ አለ። ዛጎሉን ከዓሣዋ ቆርቆሮ ኋላ፣ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሸሸገው። በነጋታውም ነገ አለ። ጅዳ ላለ ሰው ሁሉ ደብዳቤ አስጽፎ ጠየቀ፤ የሚያስጽፈውም በሌላ ሰው ነበር፣ ጽሑፍ የምታውቀው እህቱ ስለሆነች። ያገኛቸው የለም። ዓሣዋ ሥራዋን ሠርታ ነበር፤ ሰውየውን ከባሕር ማዶ ጠርታ ከደጁ አድርሳው ነበር። ከደጁ የመለሰው ምላስ ነው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ካሳሁን በየዓመቱ ለሰኔ ሚካኤል መሰላል አቁሞ የዓሣዋን ጭራ ያድስ ነበር። ሰዉ ቀልድ መሰለው። ወይዘሮ ይመኙሻል ግን ወንድሜ ለባሌ መንገድ ይጠርግልኛል እያሉ ከሥር ሆነው ቀለሙን ያቀብሉት ነበር።

በ1992 ዓ.ም. ወይዘሮ ፍቅርተማርያም አገር ቤት ገብተው ሲመነኩሱ ቤቱን ሐጅ አብዱልወሃብ ያዙት። ሐጅ የዴም ተወላጅ፣ ሆዳቸው ሰፊ ልባቸው ከሆዳቸው የሰፋ ሱዳናዊ ነበሩ። ቤቱን የፉል ቤት አደረጉት፤ ሰው ሊታጠብበት የሚችል የፉል ማሰሮ ተከሉበት። ርክክቡ ላይ ወይዘሮ ይመኙሻል ሁለቱን ነገር አስታወቁ፤ ደንቡንና ዓሣዋን። ሐጅ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ ሆይ፣ ፉል የሚበላ ሰው ዓሣ እያየ ዓሣ ይጠይቀኛል አሏቸው። እውነትም ጠየቃቸው። ሐጅም ዓሣ ላለ ሰው ሁሉ ቡክራ፣ ኢንሻአላህ፣ ነገ አላህ ካለ፣ ብለው ሲመልሱ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሩ። ካሳሁን ፉሉን እያደለ ይህን በሰማ ቁጥር አንገቱን ይደፋ ነበር። እሱም በልቡ ቡክራ እያለ ነበርና።

ወይዘሮ ይመኙሻል ከማኅፀናቸው ልጅ አላገኙም። የሐጅ ባለቤት የእኛው አገር ሰው ነበረች፤ ልጇ ሩባ ሦስት ዓመቷ ሳለ ስላረፈች፣ ሩባን በእቅፋቸው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሩባ ፊደል የቆጠረችው ከዛፉ ሥር፣ በእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው። በሐጅ ዘመን ለጋብቻ የጠየቋቸውም ነበሩ። ካርቱም ሁለት ቤት ያለው አንድ ባለ ሱቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይርበው ፉል በልቷል። እሳቸው ባለትዳር ነኝ ብለው መለሱት። ወደ አገር ቤት ለመግባትም ሁለት ጊዜ ሻንጣቸውን አሰሩ፤ ሁለት ጊዜም ከዛፉ ሥር ቆመው ዓሣዋን ቀና ብለው አይተው ፈቱት። ቢመጣስ ይሉ ነበር። ካሳሁንም ጓዙን መልሶ ያስገባ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ሐጅ ሲያርፉ ሩባ ተረከበች። መስታወት አስገባች፣ በርገርና ጭማቂ አመጣች፣ ስሟን በመብራት ጻፈች። ግማሽ አረብኛ በሆነው አማርኛዋ «ኻልቶ፣ አክስቴ፣ ዓሣው ሹፊው፣ እዪው እስቲ፣ ያስፈራል» ብላ ቆርቆሮውን ወደ ጓሮ አስወሰደች። ካሳሁን ማንም እንዳይነካ ብሎ ብቻውን ተሸክሞ ወሰደው። ዛጎሉንም ከግድግዳው ስንጥቅ አውጥቶ ከቆርቆሮው ጀርባ በሽቦ አሰረው። ወይዘሮ ይመኙሻል ወጥ ቤት አልገቡም። ስምንት ቀን ከዛፉ ሥር ተቀምጠው መንገዱን አዩ። በስምንቱ ቀን ራክሻው፣ ማለትም ባጃጁ፣ ሁሉ መንገድ ጠፋው፤ የሚያደርሰው ምግብ በየሰፈሩ ዞሮ ቀዝቅዞ ተመለሰ፤ ዴም ውስጥ ቤት የሚጠቆመው ከዓሣዋ ወደ ቀኝ፣ ከዓሣዋ ወደ ግራ እየተባለ ነበርና። በዘጠነኛው ቀን ሩባ ራሷ መሰላል አቆመች፤ ካሳሁን ጭራዋን ከመስታወቱ በላይ ሣለላት፤ ኻልቶ ይመኙ ሽሮ ሊሠሩ ገቡ።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቅዳም ሹር፣ ለፋሲካ ዶሮ ታርዶ ሳለ ጦርነቱ ካርቱም ላይ ፈነዳ። የእኛ ጾም በማግስቱ፣ የጎረቤቶቻችን በሳምንቱ ሊፈታ ነበር። ዶሮው ሳይበላ ቀረ። ሩባ ወደ ካይሮ ሄደች፤ እሳቸውን ልትወስድ ለምና ለምና አልሆነላትም። ሦስት ሳምንት ከዓሣዋ ሥር ቆይተው፣ ውሃ ሲጠፋ ከካሳሁን ጋር በመደኒ አድርገው ገዳሪፍ ደረሱ። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በመተማ ወደ አገር፣ አንዱ ወደ ፖርት ሱዳን ነው። ካሳሁን እትዬ፣ ወደ እናታችን መቃብር እንግባ አለ። እሳቸው እኔ ወደ ባሕሩ ነኝ አሉ። ከዓሣ ሥዕል ሥር ዕድሜያቸውን ጨርሰው ባሕር አይተው አያውቁም ነበር።

ፖርት ሱዳን ሁለት ዓመት ያህል ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ወጥ እየሠሩ ቆዩ። በመጀመሪያው ሳምንት ወደብ ወርደው ውሃውን ብዙ ሰዓት ተመለከቱ። ዓሣ ገበያ ገብተውም አንዷን ትልቅ ዓሣ በጭንቅላቷ ይዘው አገላብጠው፣ ይህችማ ሽፋሽፍት የላትም ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ወደቡ ላይ ለሚሠሩ ሽማግሌዎች የአቶ ጥዑመልሳንን ፎቶ ያሳዩ ነበር። ጎፈሬ፣ ጢም። ካሳሁን ከጎናቸው ቆሞ፣ ጎፈሬው የለም፣ ጢሙም የለም ለማለት አፉን ከፍቶ ይዘጋ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ካርቱም ረገብ አለች ሲባል እንመለስ አሉ። ቤቱ የለም ቢሏቸው ዛፉ አለ ወይ አሉ። በነሐሴ ገቡ። ዴም አፉ የወለቀ ሽማግሌ መስላለች። ከሩባ ቤት መስታወቱ፣ በሩ፣ ጣሪያው ተወስዷል፤ የኤሌክትሪኩን ሽቦ እንኳ ግድግዳውን ሰርስረው አውጥተውታል። ኒሙ ቅርንጫፉ ለማገዶ ተቆርጦ ግንዱ ቀርቷል። ዓሣዋ ግን የዛገች ቆርቆሮ ናትና ማንም አልፈለጋትም፤ በአንድ ምስማር ተንጠልጥላለች፤ ሁለት ጥይት በስቷታል። ወይዘሮ ይመኙሻል ላቃናት ብለው ሲነኳት ሽቦው ተበጥሶ ዛጎሉ እግራቸው ሥር ወደቀ።

አነሡት። ለካሳሁን አንድ ትልቅ ተረት ምላሱ ላይ ደረሰለት፤ ከነጀልባው፣ ከነነፋሱ፣ ተሰናድቶ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የኖረበትን ምላስ በዚያች ሰዓት ዋጠው። እንዳለ ነገራቸው፤ መነጽሩን፣ ቦርሳውን፣ ዝሆኖቹን፣ የበርበሬውን ዕንባ።

ሁለት ቀን ምግብ ሰጡት እንጂ ዓይናቸውን አልሰጡትም። ዛጎሉን ጆሯቸው ላይ አድርገው ከግንዱ ሥር ተቀምጠው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጠሩት።

«በልቶ ነው የሄደው?»

«ሳህኑን ጠርጎ፣ እትዬ።»

«የእኔን እጅ በልቶ የአንተን ዝሆን አመነ?»

ካሳሁን የተበጠሰውን ሽቦ ከመሬት አነሣ።

«አራት ዝሆን ያላት ሴት የሰው ሽንኩርት ትከትፋለች?» አሉና ሳቁ፤ በሳቁ መሐል አለቀሱ። «ሽሮዬን አውቆታል። አውቆ ከሄደ የሚሄድበት ነበረው። አንተ ምላስህ ረዘመ እንጂ፣ ሰው ከቤቱ የምታስቀር አይደለህም።»

ይህን ያሉት እውነት አድርገውት ይሁን፣ ወይም ከወንድማቸው ትከሻ ላይ ድንጋዩን ለማውረድ፣ የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው በማግስቱ ያደረጉት ነው። ሩባ ከካይሮ ደውላ ኻልቶ፣ ቤቱ ያንቺ ነው አለቻቸው። እሳቸውም ቀለም አስገዝተው፣ በዚያ እንደ ጥልፍ በሚያምር ጽሑፋቸው ከዓሣዋ ጎን «ቀይ ባሕር ምግብ ቤት» ብለው ጻፉ። ጣሪያ ስለሌለው ሁለት ድስትና ስድስት በርጩማ ከግንዱ ሥር ዘረጉ። አምስቱ ለደንበኛ ነው። ስድስተኛው ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ባዶውን ይቀመጣል። አንድ ሰው ሊቀመጥበት ሲል፣ ማዕሌሽ፣ ይቅርታ፣ የተያዘ ነው ይሉታል። የምግብ ቤቱ አምስተኛ ባለቤት ሆነው የሠሩት ሁለት ወር ተኩል ብቻ ነው። ወደ ፈረሰ ከተማ የተመለሰ ሰው ሁሉ፣ ሱዳናዊውም የእኛውም፣ በዚያ በልቷል፤ ማንም ሳይበላ አልተጠየቀም።

ወይዘሮ ይመኙሻል ለዓመታት የስኳር ሕመም ነበረባቸው። በጥቅምት መጨረሻ በከተማው የተነሣው ትኩሳት ሲያገኛቸው ሰውነታቸው አልቻለውም። ሩባ ከካይሮ በመንገደኛ መድኃኒት ላከች፤ ጎረቤት ተራ ገብቶ አስታመማቸው። በመጨረሻው ሳምንት ካሳሁንን አስጠርተው የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ይህ ሁሉ እንዲገባበት አዘዙ። የዴም ወሬ አውሮፕላን ቀድሞ ጅዳ ይገባል፣ ምናልባት ይደርሰው ይሆናል አሉ። እሱ አፈረ፤ ከሰው ፊት እንዴት ብዬ አለ።

«አንብበው» አሉት። «ዝሆኖቹንም እንዳትዘል።»

አልተዘለሉም።

ወይዘሮ ይመኙሻል ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ዛጎሉ ትራሳቸው አጠገብ እንዳለ፣ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ቅዳሜ፣ ቤተ ዘመድ፣ የዴምና የሳጃና ጎረቤቶቻቸው በተገኙበት በካርቱም ይፈጸማል። ወንድማቸውን ካሳሁን ታረቀኝን፣ ያሳደጓትን ልጃቸውን ሩባ አብዱልወሃብን፣ በሕይወት ካሉም ባለቤታቸውን አቶ ጥዑመልሳን በየነን ትተው ሄደዋል።

ጅዳም ሆነ ፖርት ሱዳን፣ የትም ያላችሁ፣ ጢሙን የተላጨ፣ ራሰ በራ፣ አሁን ዕድሜው የገፋ የደባርቅ ሰው ካገኛችሁ ንገሩልን። የጁባ ነጋዴ አልነበረም። መንታም ዝሆንም አልነበረም። ዓሣዋ ከቦታዋ ናት፤ ስድስተኛው በርጩማም አልተያዘም። ካሳሁን ከእንግዲህ ስለ አይከሏ አህያ ካልሆነ በቀር አይዋሽም፤ እንግዳው ቢመጣ መጀመሪያ ያበላዋል፤ ሽሮው የእሷን ባያህልም ነጩን አዝሙድ አይረሳም። ኋላም ዛጎሉን አስይዞ ወደ መቃብሯ ራሱ ያደርሰዋል።

መንገደኛን ቀድማ አብልታ ኋላ የጠየቀችውን ነፍስ፣ የሰማዩ ባለቤት ኢቃማ ሳይጠይቅ ያስገባት፤ ብዙ ዘመን የቆመችበትን ደጅ ዘግቶ፣ የሚጠብቃት ሰው ካለበት ቤት ያስቀምጣት። አሜን።